የጦጣ ነርቭን የሚመስል ሳጥን፦ ከደብረ ብርሃን የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 20

የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ በዚህ ዓመት የሚሠራውን ዛሬ ወስነናል። በጦጣ አንጎል ውስጥ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት የሽልማትን ዋጋ እንዴት እንደሚመዘግቡ፣ ያም ምዝገባ እንስሳው ቀጥሎ የሚያደርገውን እንዴት እንደሚመራ በጆሮ የሚያሰማና በዓይን የሚያሳይ ሳጥን እንሠራለን። ተማሪው ሳጥኑ ፊት ተቀምጦ መብራት ሲበራ ቁልፍ ይጫናል፤ ሳጥኑም ለውዝ ወይም ቆሎ ይጥልለታል፤ በውስጡ ያለው አርዱዊኖ የተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ደግሞ በዚያ ቅጽበት አንድ የነርቭ ሕዋስ ያደርገው የነበረውን አስልቶ በትንሽ ስፒከር «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ ያሰማል። ተመራማሪዎችም ከሕዋሱ አጠገብ የቆመውን ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ቀጭን የመቅጃ ሽቦ፣ ከማጉያና ከስፒከር ጋር አያይዘው ሲያዳምጡ የሚሰሙት ይህንኑ የመሰለ ድምፅ ነውና ስፒከሩ ለጌጥ አልገባም።

በክፍል ውስጥ ስለ ነርቭ ስናስተምር የኤሌክትሪክ ግፊቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚጓዝ እንዘረዝራለን፤ ግፊቱ ስለ ምን እንደሚናገር ግን አናነሳም። ስለ ምን እንደሚናገሩ በሚገባ ከተጠኑት መካከል ደግሞ በመካከለኛው አንጎል የሚገኙት፣ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚለቅቁት የዶፓሚን ሕዋሳት ይገኙበታል። የነርቭ ተመራማሪው ወልፍራም ሹልትዝ በስዊዘርላንድ፣ በፍሪቡር ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ሕዋሳት ማጥናት ሲጀምር ይፈልግ የነበረው የእንቅስቃሴን ምንጭ ነበር። በፓርኪንሰን ሕመም የሚሞቱት እነዚሁ ሕዋሳት ስለሆኑ፣ ጦጣው እጁን ሲያንቀሳቅስ የኤሌክትሪክ ምታቸው ይለወጣል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። ሕዋሳቱ ግን ለእጁ እንቅስቃሴ ሳይሆን እጁ ለሚያገኘው ቁራጭ ምግብና ለጭማቂ ጠብታ ምላሽ ሲሰጡ ተገኙ። ቆይቶም የሚናገሩት ስለ ምግቡ ራሱ ሳይሆን ምግቡ ከተጠበቀው የበለጠ ወይም ያነሰ ስለመሆኑ እንደሆነ ታወቀ። ሳጥናችን የሚነሳው ከዚህ ግኝት ነው።

መስከረም 27

እንጨትና ሽቦ ከመነካቱ በፊት ስሌቱን በወረቀት ሠራን። መነሻ ያደረግነው ሮበርት ሬስኮርላና አለን ዋግነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጡትን ቀመር ነው። በዚህ ቀመር መሠረት እንስሳው በእያንዳንዱ ዙር ያገኘውን ከገመተው ጋር ያነጻጽራል፤ ከልዩነቱም ጥቂቱን ብቻ ወስዶ በቀድሞው ግምት ላይ ይጨምራል። የምንወስደውን ድርሻ 0.2፣ የአንድ ለውዝን መጠን ደግሞ 1 ብለን ስንነሳ፣ በመጀመሪያው ዙር ምንም ስላልተገመተ ልዩነቱ ሙሉ 1 ይሆናል፤ ግምቱም ወደ 0.2 ከፍ ይላል። ቀጥሎ ልዩነቱ 0.8፣ ከዚያ 0.64፣ ከዚያ 0.51 እያለ ይወርዳል። ከአሥር ዙር በኋላ ግምቱ 0.89 ይደርሳል፤ በአሥራ አንደኛው ዙር ለውዙ ቢቀር ልዩነቱ ከዜሮ በታች 0.89 ይሆናል ማለት ነው።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሰንጠረዡን አይታ «ቲቸር፣ ለውዙ እኮ ያው ለውዝ ነው፤ ቁጥሩ ለምን ይወርዳል?» ብላ ጠየቀች። ሳጥኑ ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። ለውዙ አልተለወጠም፤ እየቀነሰ የሄደው ለውዙ ለተቀባዩ የሚነግረው አዲስ ነገር ነው። የዶፓሚን ሕዋስ ምት የሚጣጣመው ከለውዙ መጠን ጋር ሳይሆን ከዚህ እየወረደ ከሚሄደው ቁጥር ጋር ነው። ሹልትዝ፣ ፒተር ዳያንና ሪድ ሞንታግ እ.ኤ.አ. በ1997 በሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ የታወቀው፣ ከጦጣ አንጎል የተቀዳውን ምትና ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጣውን የመማር ስሌት ጎን ለጎን አድርጎ አንድነታቸውን ስላሳየ ነው።

ጥቅምት 4

አናጢው ሳጥኑን ጨርሶ አስረከበን። የምግብ መጣያው ባለ አንድ ቀዳዳ የእንጨት ክብ ሲሆን፣ ትንሽ ሰርቮ ሞተር ግማሽ ዙር ባዞረው ቁጥር አንድ ፍሬ ከላይ ተቀብሎ ወደታች ይጥላል። ለውዝና ሽምብራ ያለ ችግር ይወርዳሉ፤ የገብስ ቆሎ ግን ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ስለሚሰካ ለእርሱ የተለየ ክብ አስፈልጎናል። ሞተሩ ሲነሳ የሚስበው ኤሌክትሪክ አርዱዊኖውን እያጠፋ ስላስቸገረ በኃይል መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምረናል። መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ እንጠቀማለን፤ ሆኖም ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኃይል አነስተኛ ሲሆን በራሳቸው ስለሚጠፉ፣ ሁልጊዜ የሚበራ አንድ አምፖል በሳጥኑ ጀርባ መግጠም ግድ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የሞተሩ ድምፅ ነው። ፍሬው ከመውደቁ በፊት ሞተሩ «ዝዝ» ስለሚል፣ ተማሪው ከጥቂት ዙር በኋላ መብራቱን ትቶ ይህንን ድምፅ መጠበቅ ይጀምራል። በጦጣ ቤተ ሙከራም ጭማቂ የሚያፈስሰው ቫልቭ ሲከፈት ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ፣ ሽልማቱን የሚያበስረው ጠብታው ሳይሆን ያ ድምፅ ይሆናል፤ ስለዚህ የሙከራው አዘጋጅ ሕዋሱ ለየትኛው ምላሽ እንደሰጠ መለየት አለበት። እኛ ሞተሩን በስፖንጅ ጠቅልለን፣ በዚያ ላይ በዘፈቀደ ጊዜ ፍሬ ሳይጥል ባዶውን እንዲዞር በፕሮግራሙ ውስጥ አስገብተናል። ከዚህ በኋላ ድምፁ ብቻውን ምንም አያበስርም።

ጥቅምት 11

የመጀመሪያው ማዳመጥ። ጦጣው ጸጥ ብሎ በተቀመጠበት ጊዜ እንኳ የዶፓሚን ሕዋስ በሴኮንድ ከ3 እስከ 5 ምት ገደማ ይመታል፤ እኛም መነሻውን በሴኮንድ 4 ምት አደረግን። ያልተጠበቀ ለውዝ ሲወድቅ ምቱ ለአጭር ጊዜ ይጣደፋል፤ ይህንን ክፍሉ በሙሉ ያለ ማብራሪያ ለየው። ለውዙ ሲለመድ ጥድፊያው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ከመነሻው ምት ጋር ተቀላቀለ፤ ይህም ተሰማ። የሚጠበቀው ለውዝ ሲቀር ግን ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ማንም ምንም አልሰማም።

ይህ የእኛ ሳጥን ጉድለት ሳይሆን የሕዋሱ የራሱ ባሕርይ ነው፤ በክበቡ ሥራ ውስጥ እስካሁን ከሁሉ ይልቅ የጠቀመንም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በሴኮንድ 4 የሚመታ ሕዋስ በሁለት ምቶች መካከል በአማካይ ሩብ ሴኮንድ ዝም ይላል። ደስታን በሴኮንድ 20 እና 30 ምት መናገር የሚችል ሕዋስ ቅሬታን ለመናገር ያለው ቦታ ከ4 እስከ ዜሮ ብቻ ነው፤ ከዜሮ በታች መምታት አይቻልም። ስለዚህ ከተጠበቀው በታች የሆነ ነገር የሚገለጸው በዝምታ ነው፤ ያ ዝምታ ደግሞ ከተለመደው ክፍተት ብዙም ስለማይረዝም ለአንድ ጊዜ አድማጭ አይለይም።

ተመራማሪዎች ይህንን የሚያዩት አንዱን ዙር ከሌላው በታች በመደርደር ነው፤ እኛም እንዲሁ አደረግን። በካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ዙር አንድ መስመር ሆነ፤ እያንዳንዱ ምት አንድ ነጥብ ሆነ፤ ሁሉም መስመሮች ለውዙ መውደቅ በነበረበት ቅጽበት ላይ ተስተካክለው ተጻፉ። መስመሮቹ ሲበዙ በነጥቦቹ መካከል ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ነጭ ስንጥቅ ታየ። በአንዱ መስመር ላይ ስንጥቁ የለም ማለት ይቻላል፤ በሁሉም ላይ አለ። አንጎልም ብዙ ዙር እስኪደረደር የሚጠብቅበት ጊዜ ስለሌለው፣ ይህንኑ የሚያነበው በአንድ ጊዜ ዝም ከሚሉ ብዙ ሕዋሳት መሆን አለበት። ለክፉ ዜና የተለየ መንገድ መኖሩም አያስገርምም፦ ማሳዩኪ ማትሱሞቶና ኦኪሂዴ ሂኮሳካ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት፣ ላተራል ሃቤኑላ በሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ያሉ ሕዋሳት ሽልማት ሲቀር ምታቸውን ይጨምራሉ፤ ያም ጭማሪ የዶፓሚን ሕዋሳትን ዝም ያሰኛል። ሁለተኛ ስፒከር ገዝተን ሃቤኑላን ልንጨምር ተስማማን፤ እርሱ ሽልማት ሲቀር የሚጣደፍ ስለሆነ ይሰማል።

ጥቅምት 18

የሬስኮርላና የዋግነር ቀመር አንድ የማያደርገው ነገር አለ። ዙሩን እንደ አንድ ክስተት ስለሚቆጥር በዙሩ ውስጥ ጊዜ የለም። በጦጣው አንጎል ግን ምላሹ ከጭማቂው ላይ ሲጠፋ ጭማቂውን በሚያበስረው መብራት ላይ ይታያል። ይህንን ለማግኘት በሪቻርድ ሰተንና በአንድሩ ባርቶ የተዘጋጀውን የጊዜ ልዩነት ስሌት አስገባን። በመብራቱና በለውዙ መካከል ያለውን 2 ሴኮንድ በግማሽ ሴኮንድ ከፋፍለን ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ግምት ሰጠን፤ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የሚያርመው በመጨረሻው ለውዝ ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ግምት ነው። በመጀመሪያው ዙር የሚማረው ለለውዙ የቀረበው ክፍል ብቻ ነው፤ 0.2 ያገኛል። በሁለተኛው ዙር ከእርሱ በፊት ያለው 0.04 ይደርሰዋል። እንዲህ እያለ ዋጋው በጊዜ ውስጥ ወደኋላ እየተጓዘ መብራቱ ላይ ይደርሳል፤ ስፒከሩም ለውዙ ሲወድቅ ሳይሆን መብራቱ ሲበራ መጣደፍ ይጀምራል።

ከዚያ ወዲያ ግን አይሄድም፤ ምክንያቱም መብራቱን ራሱን የሚያበስር ነገር የለም። ለዚህ ሲባል በዙሮቹ መካከል ያለውን ጊዜ ፕሮግራሙ በዘፈቀደ ይመርጠዋል፤ መብራቱ በየአሥር ሴኮንዱ ቢበራ ኖሮ ሰዓቱ ራሱ አብሳሪ ይሆንና ለመብራቱ ያለው ምላሽም ይከስማል።

ቀይ መብራት ሁልጊዜ፣ ቢጫው በግማሹ ዙር፣ አረንጓዴው ደግሞ በጭራሽ ለውዝ እንዳይሰጥ አድርገን ሞከርን። በቢጫው ግምቱ በ0.5 ዙሪያ ይዋዥቃል፤ ስለዚህ ለውዙ ሲመጣ ግማሽ ጥድፊያ፣ ሲቀር ግማሽ ዝምታ አለ። ክሪስቶፈር ፊዮሪሎ፣ ፊሊፕ ቶብለርና ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ2003 በጦጣ ላይ ያገኙት ይህንን ነበር፤ ከዚያም በላይ ሽልማቱ እርግጠኛ ባልሆነ ጊዜ በመብራቱና በጭማቂው መካከል ቀስ እያለ የሚወጣ ሌላ ምት አይተዋል፤ እርሱም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ከሁሉ ይበልጣል። ይህኛው በሳጥናችን ስሌት ውስጥ የለም፤ ትርጉሙም ከዚያ ወዲህ ሲያከራክር ስለቆየ ሳንጨምረው ቀርተናል።

ጥቅምት 25

ከክበቡ ተማሪዎች ጋር ወደ አንኮበር ወጣን። ጥናቶቹ በሙሉ የተሠሩት የኤስያ ተወላጅ በሆነው በመካክ ጦጣ ላይ ነው፤ በእኛ ገደል ላይ የሚውለው ጭላዳ ግን የእርሱ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ ሳጥኑ የሚናገረውን ነገር በደጃችን ካለ እንስሳ ጋር ማያያዝ ፈልጌ ነበር። በመንዝ ጓሳ ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ ጭላዳዎችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው ከምግባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሣር ሲሆን፣ ከሲሶ በላይ ደግሞ ሌሎች ለስላሳ ቅጠላ ቅጠሎችና የእነርሱ ሥር ነው። ጭላዳ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይውላል፤ አንዱን ቦታ ሲጨርስ ብድግ ሳይል በመቀመጫው ተንፏቅቆ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

እንስሳን በሩቅ አይቶ ስለ ነርቩ መናገር እንደማይቻል ለተማሪዎቹ አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ ሆኖም ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። እያንዳንዱ ጭብጥ ሣር ከቀደመው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ በስሌታችን መሠረት የዶፓሚን ሕዋሱ ቀኑን ሙሉ ከመነሻው ምት አይወጣም። ታዲያ እንዲበላ የሚያደርገው ምንድን ነው? መልሱ ግምቱ ነው፤ ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ዋጋው አይጠፋም፤ ተምሮ ያለቀ ዋጋ ስለሆነ የማረሚያ ምልክት አያስፈልገውም። ብዙ ሰው ዶፓሚንን «የደስታ ንጥረ ነገር» እያለ ሲጠራ የሚስተው ይህንን ልዩነት ነው።

እሸት ገብስ የሚጠብቅ አንድ ገበሬ አጠገባችን መጥቶ ነበር። «ሣሩን ጥለው ወደ ማሳው የሚገቡት ጠባቂ ዘወር ሲል ብቻ ነው እንጂ እንዲያው አይደፍሩም» አለን። ከዚህ አነጋገር ውስጥ ለሥራችን የሚሆን ሁለት ነገር ወጣ፤ የገብሱ ዋጋ አጠገቡ ካለው ሣር ጋርና ከሚያስከፍለው አደጋ ጋር አብሮ እንደሚመዘን፣ ደግሞም አንድን ቦታ ትቶ ወደ ሌላ መሄድ ራሱን የቻለ ውሳኔ እንደሆነ። የመጀመሪያውን በኅዳር፣ ሁለተኛውን በታኅሣሥ ወደ ሳጥኑ እናስገባለን።

ኅዳር 9

አሁን ሳጥኑ ሁለት ቁልፍና ሁለት መጣያ አለው፤ በአንዱ ለውዝ፣ በሌላው የገብስ ቆሎ። በወላጆቻቸው ፈቃድ፣ ለውዝ የማይስማማቸው መኖር አለመኖራቸውም ከተጠየቀ በኋላ፣ ተማሪዎቹ አንድ ለውዝን ከተለያየ የቆሎ ብዛት ጋር እያነጻጸሩ እንዲመርጡ አደረግን። ቆሎው ሁለት ፍሬ ብቻ ሲሆን ሁሉም ለውዙን ይወስዳል፤ ጭብጥ ሲሞላ ወደ ቆሎው ይዞራል፤ በመካከል አንዴ ይህንን አንዴ ያንን የሚመርጥበት ቦታ አለ። ያ ቦታ የዚያ ተማሪ የለውዝና የቆሎ ምንዛሪ ነው፤ ከተማሪ ተማሪም ይለያያል።

ካሚሎ ፓዶዋ-ስኪዮፓና ጆን አሳድ እ.ኤ.አ. በ2006 ያደረጉት ሙከራ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የእነርሱ ጦጣዎች በተለያየ መጠን የቀረቡ ሁለት ዓይነት ጭማቂዎችን ይመርጡ ነበር። ከዓይን በላይ በሚገኘው የፊተኛው አንጎል ክፍል፣ በኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስ፣ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አገኙ። አንዳንዶቹ የአንዱን ጭማቂ የቀረበ ዋጋ ብቻ ይከተላሉ፤ ሌሎቹ የትኛውም ይሁን የተመረጠውን ዋጋ ይናገራሉ፤ የቀሩት ደግሞ የተመረጠው የትኛው ጭማቂ እንደሆነ ብቻ ይለያሉ። ዋጋውን የሚናገሩት ሕዋሳት ጭማቂው በግራ ወይም በቀኝ መቅረቡ አይለውጣቸውም፤ ዓይኑ ወደየት እንደሚዞርም አይመለከታቸውም። ማለትም አንጎሉ መጀመሪያ ዕቃውን ከዕቃው ጋር ይመዝናል፤ ወደየት እንንቀሳቀስ የሚለው ከዚያ ይተረጎማል። ለዚህ ሲባል በሳጥኑ ላይ የለውዙ ቁልፍ በየዙሩ ግራና ቀኝ እንዲቀያየር አድርገናል፤ ሦስቱን ዓይነት ሕዋሳት የሚወክሉ ሦስት ረድፍ አምፖሎችም ከላይ ተገጥመዋል። የመጀመሪያው ረድፍ ምርጫው ሳይደረግ ይበራል፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ከምርጫው ጋር።

የጭማቂ ጠብታ የሚለካው በማያሻማ መጠን ነው፤ የቆሎ ፍሬ ግን አንዱ የጠቆረ፣ አንዱ ያልተቆላ ሊሆን ይችላል። ተማሪዎቹ የጠቆረውን እያዩ መምረጥ ስለጀመሩ መጣያዎቹ በክዳን ተሸፍነዋል።

ኅዳር 23

የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ ከተማሪዎቹ የሚጾሙት ጠዋት ስለማይበሉ ሥራውን ወደ ከሰዓት አዛውረነዋል። ለውዙም ቆሎውም የጾም ምግብ ስለሆነ ሙከራውን የሚከለክል ነገር የለም፤ እንዲያውም መክሰስ ያልቀመሰ ተማሪ በመጣ ቀን ምንዛሪው ከወትሮው ፈቀቅ ሲል አየን። የራበው ሰው የሚያጠግብ ብዛት ይፈልጋልና ቆሎው ይቀናዋል።

ሆን ብለን ያደረግነው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ፈቃደኞቹ ከምርጫው በፊት ለውዝ እስኪበቃቸው እንዲበሉ ተደረገ። ከዚያ በኋላ አንድ ለውዝ ለመተው የሚጠይቁት የቆሎ ብዛት በግልጽ ወረደ፤ ቆሎውን ግን በደስታ ይበሉ ነበር። ኤድመንድ ሮልስና ባልደረቦቹ በጦጣ ላይ ያዩት የዚህን የነርቭ ገጽታ ነው፦ ጦጣው የግሉኮስ ውሃ እስኪጠግብ ሲጠጣ፣ ለግሉኮስ ይመቱ የነበሩት የኦርቢቶፍሮንታል ሕዋሳት ምላሻቸው ወደ ዜሮ ሲወርድ፣ ላልጠጣው ሌላ ምግብ ያላቸው ምላሽ ግን እንደነበረ ይቆያል። ጣዕሙ ያው ነው፤ በጥጋብ የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው።

በዚሁ ሳምንት ሽምብራን በመካከል አስገባን። ለአብዛኛው ተማሪ ለውዝ ከሽምብራ፣ ሽምብራም ከገብስ ቆሎ ይበልጣል። ሊዮን ትሬምብሌይና ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዘቢብን፣ ፖምንና የእህል ምግብን ተጠቅመው እንዳሳዩት፣ አንዳንድ የኦርቢቶፍሮንታል ሕዋስ የሚመታው በዚያ ሰዓት ከቀረቡት ሁለቱ ለሚመረጠው ነው፤ ስለዚህ ፖሙ ከእህሉ ጋር ሲቀርብ ይመታለታል፤ ከዘቢቡ ጋር ሲቀርብ ግን ለዚያው ፖም ዝም ይላል። የሳጥኑ አምፖል ለሽምብራ በአንዱ ጥንድ ሲበራ በሌላው ሲጠፋ ያዩት ተማሪዎች ሰርኪቱ ተቃጥሏል ብለው ሽቦውን መፈተሽ ጀምረው ነበር።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሳ፤ ጥሩ ክርክር ነበር። አንዱ ተማሪ «ዋጋው በአጠገቡ ባለው ነገር የሚወሰን ከሆነ ምንዛሪ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው፤ ባለፈው ሳምንት የለካነው ምን ነበር?» አለ። በእኔ እምነት ሁለቱ አይጋጩም። ፓዶዋ-ስኪዮፓ በኋላ እንዳሳየው፣ የአንዱን ጭማቂ ዋጋ የሚናገር ሕዋስ ከእርሱ ጋር የቀረበው ሌላው ጭማቂ የትኛውም ቢሆን ምላሹ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የቀረቡት መጠኖች ስፋት ሲለያይ የምቱ መለኪያ ነው። ሕዋሱ ሊመታ የሚችለው የምት ብዛት ውሱን በመሆኑ፣ ያንን ውሱን መጠን አሁን በፊቱ ባለው ስፋት ላይ ይዘረጋዋል። ቶብለር፣ ፊዮሪሎና ሹልትዝም እ.ኤ.አ. በ2005 የዶፓሚን ሕዋሳት እንዲሁ እንደሚያደርጉ አሳይተዋል፤ አንድ መካከለኛ የጭማቂ መጠን ከአነስተኛው ጋር ሲጠበቅ ጥድፊያን፣ ከትልቁ ጋር ሲጠበቅ ዝምታን ያመጣል። እንዲህ ባለ ሕዋስ ብቻ ትላንትን ከዛሬ ማወዳደር አይቻልም፤ በዛሬው ገበታ ላይ ያለውን ግን አጥርቶ ያያል። የተማሪውን ተቃውሞ ግን በሳጥኑ ጎን በእስክሪብቶ ጽፈነዋል።

ታኅሣሥ 7

ወደ አንኮበሩ ሁለተኛ ጥያቄ ተመለስን፦ መቼ ይተዋል? አሁን ሳጥኑ «ቆይ» እና «ሂድ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ብቻ አሉት። «ቆይ» በየ2 ሴኮንዱ ይሰጣል፤ መጀመሪያ 8፣ ከዚያ 7፣ ከዚያ 6 እያለ ይቀንሳል። «ሂድ» ሲጫን ሳጥኑ ለተወሰነ ጊዜ፣ «የመንገድ ጊዜ» ላልነው ያህል፣ ዝም ይልና ከ8 ይጀምራል። ሞተሩ ይህን ያህል ፍሬ በዚያ ፍጥነት ስለማይጥል ሳጥኑ ነጥብ ይቆጥራል፤ ነጥቡም በመጨረሻ በሽምብራ ይመነዘራል። ጦጣ ጠብታውን እዚያው ካላገኘ የሚሠራ አይመስለኝም፤ ተማሪ ግን ቃል ይበቃዋል።

ኤሪክ ቻርኖቭ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ሕግ፣ አሁን ካለህበት የምታገኘው ከአጠቃላዩ አማካይ ሲያንስ ተነሥ ይላል። በእኛ ቁጥሮች የመንገዱ ጊዜ 4 ሴኮንድ ሲሆን ከሁሉ የሚያዋጣው 4 ጊዜ ተቀብሎ መሄድ ነው፤ 26 ነጥብ በ12 ሴኮንድ ይገኛል። መንገዱ 16 ሴኮንድ ሲሆን ግን 6 ጊዜ መቆየት ያዋጣል፤ 33 ነጥብ በ28 ሴኮንድ። ሩቅ መንገድ ያለበት ሰው ያነሰውንም ይለቅማል ማለት ነው። ተማሪዎቹ ቀመሩ ሳይነገራቸው መንገዱ ሲረዝም ቆይታቸውን አረዘሙ፤ አብዛኞቹ ግን በሁለቱም ሁኔታ ከሚያዋጣው አልፈው ተቀመጡ። ይህ ዝንባሌ በሌሎች የሰው ሙከራዎችም የታወቀ ነው።

ቤንጃሚን ሄይደን፣ ጆን ፒርሰንና ማይክል ፕላት እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሳሳዩን ጨዋታ ለመካክ ጦጣ ሰጥተው ፊተኛው ሲንጉሌት ኮርቴክስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል የሕዋሳትን ምት ቀድተዋል። ጦጣው በቆየ ቁጥር የሕዋሳቱ ምላሽ ከዙር ዙር ከፍ ይላል፤ ጣሪያ ሲደርስ ጦጣው ትቶ ይሄዳል፤ መንገዱ ሲረዝም ደግሞ ጣሪያው ራሱ ከፍ ይላል። ከዶፓሚኑ ጥድፊያ ጋር ሲተያይ ይህ ሌላ ዓይነት ቋንቋ ነው፤ ያኛው አንድን ቅጽበት ከግምቱ ጋር ያነጻጽራል፤ ይኼኛው ዙር በዙር እየተጠራቀመ መሄጃውን ይቀርባል። በሳጥኑ ላይ ይህንን ከታች ወደ ላይ በሚበሩ አሥር አምፖሎች አሳይተናል፤ ተማሪው አምፖሎቹን እያየ እንዳይወስን ግን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ነው።

ታኅሣሥ 21

ሥራውን ለሌሎች ክፍሎች አሳየን። ከተመልካቾቹ አንድ መምህር አምፖሉ ከምርጫው ጋር አብሮ መብራቱ ምርጫውን ያመጣው እርሱ መሆኑን እንደማያሳይ ተናገሩ። ትክክል ናቸው፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አምፖል እውነትም ምንም አያመጣም። በጦጣው ዘንድ ግን ይህ ተፈትኗል። ዊሊያም ስታውፈርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 የዶፓሚን ሕዋሳትን በብርሃን በማስነሣት፣ ጦጣዎቹ ከዚያ መነሣት ጋር የተያያዘውን ምልክት አብልጠው እንዲመርጡ አድርገዋል። የፓዶዋ-ስኪዮፓ ቤተ ሙከራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስን በኤሌክትሪክ በማነቃቃት ምርጫውን ወደ አንዱ ጭማቂ ማዘንበል እንደሚቻል አሳይቷል። ይህ ክፍል ወይም ከእርሱ ጋር የሚሠራው፣ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳ ጦጣም፣ አንዱን ምግብ እስኪጠግብ ከበላ በኋላ ወደዚያው ምግብ የሚያደርሰውን ዕቃ መምረጡን በሚገባ አይቀንስም።

እኚሁ መምህር ያነሱት ሁለተኛ ነገር ስለ ጦጣዎቹ ነበር። ኤሌክትሮዱ የሚገባበት የአንጎል አካል ራሱ ሕመም የሚቀበል ነርቭ የለውም፤ ቀዶ ሕክምናውም በማደንዘዣ ይከናወናል። ይህ ግን እንስሳው በግዞት መኖሩንና ለጠብታ ሲል መሥራቱን አይመልስም፤ እኔ በበኩሌ ጥቅሙን አይቼ የምቀበለው፣ ሳልጨነቅ ግን የማልቀበለው ነገር ነው ብያቸዋለሁ።

የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ቡድን ሥራውን የሚቀጥለው የመንገዱን ጊዜ በመደበቅ ነው። እስካሁን ተማሪው መንገዱ 4 ወይም 16 ሴኮንድ መሆኑን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ከልምዱ መገመት ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ የመስከረሙ ቀመርና የታኅሣሡ ጣሪያ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ መገናኘት አለባቸው፦ ጣሪያው የሚቆመው በተገመተው መንገድ ላይ ሲሆን፣ ግምቱ የሚታረመው በእያንዳንዱ «ሂድ» ላይ ነው። የሽቦው ሥዕል፣ ፕሮግራሙ ያለበት ሚሞሪ ካርድና የነጥብ መዝገቢያ ወረቀቱ በክበቡ ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ የገብስ ቆሎው ክብ ስለተሰነጠቀ አናጢው ሌላ እየሠራ ነው።